ክሮቹ የት ገቡ? የላቦራቶሪ ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በአንድ ሥራ ዙሪያ ናቸው፤ በሰው ሴል ውስጥ ያለውን ኬራቲን በፍሎረሰንት አንቲቦዲ፣ ማለትም አንድን ፕሮቲን ለይቶ በሚይዝና የሚያበራ ቀለም በሚለጠፍበት ፕሮቲን፣ ማየት። ኬራቲን ሲባል ፀጉርና ጥፍር ብቻ ትዝ ለሚለው አንባቢ አንድ ነገር እናስቀድም። ቆዳን፣ አንጀትን፣ ሳንባንና የጡት ቱቦዎችን የሚለብጡት ኤፒተሊያል ሴሎች ውስጣቸው እንደ ጎጆ ማገር በተጠላለፉ የኬራቲን ክሮች የተደገፈ ነው። የአንዱ ክር ውፍረት 10 ናኖሜትር ገደማ ነው። ሰው 54 የኬራቲን ጂኖች አሉት፤ የትኛው ሴል የትኞቹን እንደሚሠራ ማወቅ በካንሰር ምርመራም ብዙ ይረዳል።

ጥያቄ፦ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ሂላ ሴል (ከማኅፀን በር ካንሰር የተገኘ የላቦራቶሪ ሴል) አሳድጌ በ4 በመቶ ፓራፎርማልዴሃይድ ለ15 ደቂቃ ፊክስ አደረግሁ (ባለበት እንዲረጋ አደረግሁ)፤ የሴሉን ሽፋን በሚበሳው ሳሙና መሰል ፈሳሽ፣ በ0.1 በመቶ ትራይቶን ኤክስ-100፣ ለ5 ደቂቃ አቆየሁ። ከዚያ ከአይጥ የተገኘ የኬራቲን አንቲቦዲ፣ ቀጥሎ የመጀመሪያውን የሚይዝና አሌክሳ 488 የተባለ አረንጓዴ ቀለም የተለጠፈበት ሁለተኛ አንቲቦዲ ተጠቀምሁ። ኒውክሊየሱ በዳፒ (ዲኤንኤን በሚያቀልም ሰማያዊ ቀለም) ጥርት ብሎ ይታያል። አረንጓዴው ግን ጉም ይመስላል እንጂ ክር የለውም። አንቲቦዲው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አንቲቦዲውን ገና አይጣሉት፤ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፊክስ ያደረጉበት ፈሳሽ ነው። ፓራፎርማልዴሃይድ ፕሮቲኖችን እርስ በርስ ያስተሳስራል። የኬራቲን ክር ደግሞ በራሱ ጥብቅ ነው፤ አንድ አሲዳማና አንድ ቤዛማ ኬራቲን ይጣመራሉ፣ ጥንዶቹም እንደ ገመድ ይገመዳሉ። በዚህ ላይ ሌላ እስር ሲጨመርበት አንቲቦዲው የሚይዘው ቦታ ይሸፈናል። 0.1 በመቶ ትራይቶን ለ5 ደቂቃም በሩን በቅጡ ላይከፍተው ይችላል። ጉሙ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቦታው የተለጠፈ አንቲቦዲና አልዴሃይዱ ራሱ የሚፈጥረው ብርሃን ድምር ነው።

ለኬራቲን እኛ የምንመርጠው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የቀዘቀዘ ሜታኖል ነው። ውኃውን ነጥቆ ፕሮቲኑን ባለበት ያረጋዋል፤ የሽፋኑን ስብም ስለሚያሟሟ ትራይቶን አያስፈልግም። ኬራቲን በውኃ የሚሟሟ ስላልሆነ ታጥቦ ይሄዳል ብለው አይስጉ።

ሴሎቹን 12 ሚሊሜትር በሆነ ክብ ከቨርስሊፕ (ስስ የመስታወት ክዳን) ላይ ያሳድጉ፤ ውፍረቱ 0.17 ሚሊሜትር፣ ማለትም ቁጥር 1.5 ይሁን። ከ50 እስከ 70 በመቶ ሲሸፈን ያውጡት፤ ከዚያ በላይ ከተጨናነቁ ክሮቹ ተደራርበው አይለዩም። ሁለት ጊዜ በፒቢኤስ (ለሴል በሚስማማ የጨው ውኃ) ያለቅልቁና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ በቆየ ሜታኖል ይንከሩት። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። ሜታኖል መርዝ ነው፣ በቀላሉም ይቀጣጠላል፤ ጓንት አድርገው አየር በሚስብ ካቢኔ ውስጥ ይሥሩ። በምትኩ አሴቶን የሚጠቀም ሰው ብርጭቆ ዕቃ ይያዝ፤ አሴቶን የፕላስቲኩን ሳህን ያቀልጠዋል።

ከሜታኖል ሲወጣ በፒቢኤስ ሦስት ጊዜ፣ በየ5 ደቂቃው ያጥቡ። 5 በመቶ የፍየል ሴረምና 1 በመቶ ቢኤስኤ (ከከብት ደም የተገኘ ፕሮቲን) ባለው ፒቢኤስ ለ30 ደቂቃ ብሎክ ያድርጉ፤ አንቲቦዲው ያለ ቦታው እንዳይለጠፍ ነው። የመጀመሪያውን አንቲቦዲ ለሙከራ በ1 ለ200 ያቅጥኑት፤ 1 ማይክሮሊትር በ199 ማይክሮሊትር ብሎክ ማድረጊያ ማለት ነው፣ ለአምስትና ስድስት ከቨርስሊፕ ይበቃል። ፓራፊልም ላይ 30 ማይክሮሊትር ጠብታ ያስቀምጡና ከቨርስሊፑን ሴል ያለበትን ፊት ወደ ታች አድርገው በላዩ ያሳርፉት። እርጥብ ሶፍት የተነጠፈበት ክዳን ያለው ሳህን ውስጥ 1 ሰዓት ይቆይ። ሦስት ጊዜ ያጥቡ። ሁለተኛውን አንቲቦዲ በ1 ለ500 አቅጥነው፣ ከመጠቀምዎ በፊት ለ5 ደቂቃ ሴንትሪፊዩጅ አድርገው ከላይ ካለው ይውሰዱ፤ አለበለዚያ የተጓጎለው ክፍል በስላይዱ ላይ እንደ ኮከብ ይበተናል። 45 ደቂቃ፣ ፎይል ተሸፍኖ። ደግመው ካጠቡ በኋላ 1 ማይክሮግራም በሚሊሊትር ዳፒ ለ5 ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ የተጣራ ውኃ ውስጥ አንዴ ነከር አድርገው በማውንቲንግ ፈሳሽ ስላይድ ላይ ይለጥፉ።

በመካከል ከቨርስሊፑ እንዳይደርቅ። አንዴ ከደረቀ አንቲቦዲው እዚያው ይጣበቃል፣ የትኛውም እጥበት አያስለቅቀውም። ዳሩ ደምቆ መሃሉ የፈዘዘ ስላይድ ካዩ የደረቀው ከዳር ነው።

ሲሳካ ከኒውክሊየሱ ዙሪያ ተነስቶ እስከ ሴሉ ጠርዝ የሚዘረጋ መረብ ያያሉ፤ ሁለት ሴሎች በሚነካኩበት ቦታ ክሮቹ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። አንዳንድ በመከፋፈል ላይ ያሉ ሂላ ሴሎች ግን ክር ሳይሆን ክብ ክብ ነጠብጣብ ያሳያሉ። እሱ ስህተት አይደለም፤ ሴሉ ሲከፋፈል መረቡ ፈርሶ እንዲያ ይጠቀለላል። በዳፒ ክሮሞዞሞቹ ተሰልፈው ከታዩ ነጠብጣቡን ይመኑት።

ጥያቄ፦ የሜታኖሉን መንገድ ሞክሬ ክሮቹን አገኘሁ። ለማነጻጸር ያስቀመጥኋቸው የቆዳ ፋይብሮብላስቶችም (ኤፒተሊያል ያልሆኑ የአገናኝ ሕብረ ሕዋስ ሴሎች) ግን አረንጓዴ ሆኑ። ፋይብሮብላስት ኬራቲን ይሠራል?

መልስ፦ ጤናማ የቆዳ ፋይብሮብላስት የሚሠራው ቪሜንቲን የተባለ ሌላ የክር ፕሮቲን ነው። በቫይረስ ጂን የማይሞቱ የተደረጉ አንዳንድ መስመሮች ጥቂት ኬራቲን 8 እና 18 ሊሠሩ ይችላሉ፤ የያዙት ከየትኛው እንደሆነ መጀመሪያ ያረጋግጡ። ካልሆነ ግን ካሜራዎን ይጠይቁት። ካሜራው ብርሃኑን ራሱ እንዲመርጥ ከተተወ ጨለማውን ስላይድ እስኪደምቅ ድረስ ረጅም ጊዜ ያነሳዋል፤ ባዶ የነበረው ነገር ሁሉ አረንጓዴ ይወጣል። በየላቦራቶሪው በጣም የተለመደው ስህተት ይህ ይመስለናል። ትክክለኛው መንገድ በሂላው ስላይድ ላይ፣ ምስሉ ነጭ ሆኖ ሳይቃጠል፣ የመጋለጫውን ጊዜ መርጦ መቆለፍ ነው። ለምሳሌ 200 ሚሊሰከንድ ከሆነ ፋይብሮብላስቱንም በዚያው 200፣ በዚያው ጌይን (የካሜራው ምልክት ማጉያ መጠን)፣ በዚያው የመብራት ኃይል ያንሱት። ያን ጊዜ ጥቁር ከሆነ ነገሩ አለቀ።

አሁንም ካበራ የመጀመሪያውን አንቲቦዲ ሳይጨምሩ ሁለተኛውን ብቻ ያድርጉበት። ብርሃኑ ካልቀነሰ ጥፋቱ የሁለተኛው ነው፤ ወደ 1 ለ1000 ያቅጥኑት፣ ብሎክ ማድረጊያውንም ሁለተኛው አንቲቦዲ ከተሠራበት እንስሳ ሴረም ያድርጉት። ከጠፋ ደግሞ ጥፋቱ የመጀመሪያው ነው፤ 1 ለ200፣ 1 ለ400፣ 1 ለ800 አድርገው በሁለቱም የሴል ዓይነቶች ላይ ጎን ለጎን ይሞክሩት። የሚፈለገው በጣም ደማቁ ሳይሆን ሂላው እየታየ ፋይብሮብላስቱ የጠፋበት ነው። በነገራችን ላይ ከሴል ውጪ ተለይቶ የሚያበራ ቅርፊት መሰል ነገር ካዩ ከራስዎ ቆዳ የረገፈ ሊሆን ይችላል። እሱም ኬራቲን ነውና አንቲቦዲው አልተሳሳተም።

ጥያቄ፦ ገበያ ላይ ያለው የኬራቲን አንቲቦዲ ዓይነቱ ብዙ ነው። «ሁሉንም ይይዛል» የተባለውን ኤኢ1/ኤኢ3 ብገዛ ይበቃኛል?

መልስ፦ ጥያቄዎ «ይህ ሴል ኤፒተሊያል ነው ወይ?» ከሆነ ይበቃል። ስሙ ግን አያታልልዎ። የሁለት አንቲቦዲዎች ቅልቅል ነው፤ ኤኢ3 ከቤዛማዎቹ ከ1 እስከ 8 ያሉትን ይይዛል፣ ኤኢ1 ግን ከአሲዳማዎቹ የተወሰኑትን ብቻ፤ ኬራቲን 18ን አይይዝም። ሂላ ላይ የሚያበራልዎ አጋሩ ኬራቲን 8 ስላለ ነው። ስለዚህ ኬራቲን 18ን በኤስአይአርኤንኤ (siRNA፣ የአንድን ጂን ሥራ በሚያዳክም አጭር አርኤንኤ) ቀንሶ ውጤቱን በኤኢ1/ኤኢ3 ለመለካት የሚሞክር ሰው የሚያየው ሌላ ነገር ነው። ካም5.2 የሚባለውም በዋናነት 8ን፣ በተጨማሪም 7ን ይይዛል፤ ለቀላል ኤፒተልየም ጥሩ ነው፣ ለቆዳ ግን አይሆንም። የቆዳ የታችኛው ድርብ 5 እና 14ን ይሠራል፣ ከሱ በላይ ያሉት 1 እና 10ን። በ1991 ቆዳ በቀላሉ ውኃ እየቋጠረ የሚላጥበት የዘር በሽታ ከኬራቲን 14 ጂን ለውጥ እንደሚመጣ ታውቋል፤ የእነዚህ ሕሙማን ሴሎች በአንቲቦዲ ሲታዩ በክር ፋንታ የተጠቀለለ ጉብታ ይገኝባቸዋል። የተሠራጨ ካንሰር ከየት አካል እንደተነሳ ለመፈለግ ደግሞ ፓቶሎጂስቶች 7 እና 20ን ያጣምራሉ፤ የትልቁ አንጀት ካንሰር ብዙውን ጊዜ 20 ብቻ፣ የጡትና የሳንባ አዴኖካርሲኖማ 7 ብቻ ያሳያል።

ጥያቄ፦ በዚያው ስላይድ ላይ አክቲንን (ሌላውን የሴል ክር ፕሮቲን) ከእንጉዳይ በሚገኘው ፋሎይዲን ማቅለም ፈለግሁ፤ ምንም አልታየኝም።

መልስ፦ በሜታኖል ፊክስ አድርገው ከሆነ አይታይም። ፋሎይዲን የሚይዘው ቅርጹ ያልፈረሰ የአክቲን ክር ነው፤ ሜታኖል ደግሞ ያንን ቅርጽ ያፈርሰዋል። ሁለቱንም ከፈለጉ ወደ ፓራፎርማልዴሃይድ ይመለሱ፣ ግን 10 ደቂቃ ብቻ፣ የቀረውን አልዴሃይድ በ50 ሚሊሞላር አሞኒየም ክሎራይድ ለ10 ደቂቃ ያጥፉት፣ ትራይቶኑን ወደ 0.5 በመቶ ከፍ ያድርጉ፣ የኬራቲኑን አንቲቦዲም ሌሊቱን በ4 ዲግሪ ያሳድሩት። የኬራቲኑ ድምቀት ከሜታኖሉ ቢያንስ አይደነቁ።

ጥያቄ፦ መብራት በየጊዜው ይቋረጥብናል። አንቲቦዲውን የት እናስቀምጠው?

መልስ፦ አንቲቦዲን የሚጎዳው ቅዝቃዜው ሳይሆን እየቀለጠ መልሶ መቀዝቀዙ ነው። ሲደርስዎ የአምራቹን መመሪያ ያንብቡ። ሶዲየም አዛይድ ያለበት ብዙው አንቲቦዲ በ4 ዲግሪ ለወራት ይቆያል፤ መብራት ለሚያስቸግረው ላቦራቶሪ ፍሪጁ ከፍሪዘሩ ይሻላል። መቀዝቀዝ ካለበት በ10 ማይክሮሊትር ከፋፍለው፣ በረዶ መያዣ ከረጢት ባለበት የስታይሮፎም ሳጥን ውስጥ ይክተቱት፤ መብራት ሲጠፋ በሩን አይክፈቱ። የቀለጠውን ቱቦ መልሰው አያቀዝቅዙ፣ ወደ 4 ዲግሪ አዛውረው ይጨርሱት። በረዶ በራሱ የሚያቀልጥ ፍሪዘር መብራት ባይጠፋም እየሞቀ ስለሚቀዘቅዝ ለዚህ አይመረጥም። ቀለም የተለጠፈበትን ሁለተኛ አንቲቦዲ ምንጊዜም በፎይል ይጠቅልሉ።

ጥያቄ፦ የኤኤንኤ ምርመራ (በሕሙማን ሴረም ውስጥ የራስን ሴል የሚይዙ አንቲቦዲዎችን ፍለጋ) የማነብ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ለዚህ ምርመራ በሚውለው የሄፕ-2 ሴል ስላይድ ላይ አንድ ሴረም ኒውክሊየሱን ጨለማ አድርጎ በሳይቶፕላዝሙ ቀጫጭን ክሮች አሳየኝ። ኬራቲን ነው ብዬ ልጻፍ?

መልስ፦ አይጻፉ፤ ንድፉን ብቻ ይጻፉ። ከኒውክሊየሱ አጠገብ ተነስቶ የሚሰራጭ ጥልፍልፍ ክር በዓለም አቀፉ የንድፎች መለያ ኤሲ-16 ነው፤ ከኋላው ቪሜንቲንም ኬራቲንም ሊኖር ይችላል። ሴሉን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጡ ቀጥ ያሉ ወፍራም መስመሮች ቢሆኑ ኖሮ ኤሲ-15፣ ማለትም የአክቲን ወገን ይሆን ነበር። «ሳይቶፕላዝም፣ ክር መሰል» ብለው ከታይተሩ (ሴረሙ እስከምን ያህል ሲቀጥን እንደሚያበራ ከሚያሳየው ቁጥር) ጋር ለሐኪሙ ይላኩት፤ ከኒውክሊየሱ ውጤት ጋር አያደባልቁት።

ለማጥናት ያህል መለየት ከፈለጉ ይቻላል። ሄፕ-2 ለረጅም ጊዜ የጉሮሮ ካንሰር ሴል ሲባል ኖሮ በኋላ ራሱ ሂላ መሆኑ ታውቋል፤ ስለዚህ ከላይ የተነገረው የኬራቲን መረብ በእርስዎም ስላይድ ውስጥ አለ። የሕሙሙ ሴረም ባለበት ላይ ከአይጥ የተገኘ የኬራቲን አንቲቦዲ ይጨምሩ። ከዚያ የሰውን አንቲቦዲ የሚይዘውን በአረንጓዴ፣ የአይጡን የሚይዘውን በቀይ ያድርጉ፤ ሁለቱም የሌላውን ዝርያ እንዳይዙ የተጣሩ መሆናቸውን ከጠርሙሱ ላይ ያረጋግጡ። ሂላ ቪሜንቲንም ስላለው በኒውክሊየሱ ዙሪያ ሁለቱ መረቦች ተደራርበው ቢጫ ሊመስሉ ይችላሉ። መታየት ያለበት ሴል ከሴል የሚነካካበት ጠርዝ ነው፤ እዚያ ቀዩና አረንጓዴው አንድ ክር ላይ ከሄዱ ኬራቲን ነው፣ አረንጓዴው ከጠርዙ ቀድሞ ከቆመ ቪሜንቲንን ይጠርጥሩ።