የመኪና ዓምድ፦ ከሰኞ እስከ ዓርብ ለሥራ፣ እሑድ ለሩጫ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች። የድሬዳዋ ነዋሪ ስሆን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 የተሠራ፣ ባለ 2.5 ሊትር ሞተርና በእጅ የሚቀየር ማርሽ ያለው ቢኤምደብሊው 325አይ አለኝ። በየቀኑ ከሰቢያን ከዚራ ወዳለው መሥሪያ ቤቴ እመላለስበታለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እናቴን ለመጠየቅ ሐረር እወጣበታለሁ። በቅርቡ ከጓደኞቼ ጋር የአንድ መጋዘን ባለቤትን አስፈቅደን፣ በታጠረ ሰፊ የአስፋልት ግቢ ውስጥ ኮን እየደረደርን፣ መኪና በየተራ እያስገባን በሰዓት መያዣ መወዳደር ጀምረናል። ወደፊትም ለሌላ ተሽከርካሪ በተዘጋ ረዘም ያለ መንገድ ላይ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ሳናቋርጥ የምንነዳበት የትራክ ቀን ለማዘጋጀት አስበናል። ጓደኞቼ ሞላው ይቆረጥ፣ ማርሚታው ይቀየር፣ የተበሳሳ የፍሬን ዲስክ ይግባለት ይላሉ፤ መካኒኬ ደግሞ ለድሬዳዋ ሙቀት ቴርሞስታቱ ይውጣ ይለኛል። መኪናውን ለዕለት ሥራዬ ሳላበላሽ ከምን ልጀምር?

አንባቢያችሁ፣ ከሰቢያን

መልስ

ውድ አንባቢያችን፣ ከጠቀሷቸው አራት ምክሮች ውስጥ አሁን ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባ አንድም የለም። መኪናዎ ከፋብሪካ ሲወጣ 192 የፈረስ ጉልበት የነበረውና ክብደቱም በፊትና በኋላ ጎማዎች ላይ ከሞላ ጎደል እኩል የተከፋፈለ በመሆኑ፣ ኮን ለመዞር የሚጎድለው ጉልበት ሳይሆን ጤንነት ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና በድሬዳዋ ፀሐይ ሥር በኃይል ሲነዳ መጀመሪያ እጅ የሚያሰጠው ሙቀት ስለሆነ፣ ዝግጅቱም ከፍሬን ወደ ማቀዝቀዣ፣ ከዚያም ወደ ጎማ ቢሄድ ይሻላል።

በቅድሚያ ግን ሁለቱን የአነዳድ ዓይነቶች እንለያቸው። በኮን መካከል የሚደረገው ሩጫ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ስለሆነ ፍሬኑም ሞተሩም እስከ አደጋ ድረስ ሳይግሉ ያልቃል፤ እዚያ ልዩነት የሚፈጥሩት ጎማ፣ የጎማ አቋምና የነጂው እጅ ናቸው። በትራክ ላይ ግን ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሙቀት በሙቀት ላይ እየተደራረበ ይሄዳል። እስካሁን የቅጣት ደንብ ካላወጣችሁ፣ በአሜሪካ እንደሚሠራበት ለእያንዳንዱ የተገጨ ኮን ሁለት ሰከንድ መጨመሩ እልኸኛን ሁሉ አደብ ያስገዛልና ብትወስዱት መልካም ነው።

ስለ ፍሬን ስንነጋገር ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የሚያወርደው የደንገጎ ቁልቁለት ጥሩ መለኪያ ይሆነናል። ሰውን ጨምሮ 1500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 100 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ሁለት ጊዜ ተኩል ያህል ሙሉ በሙሉ ከማቆም ጋር ይስተካከላል። ከደንገጎ አናት እስከ ድሬዳዋ ያለው የከፍታ ልዩነት ከ700 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩን በማስያዝ ፈንታ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው መኪናውን ወደ ሃያ ጊዜ ገደማ ከዚያ ፍጥነት እንዳቆመ ይቆጠራል። በትራክ ቀን ይህን ያህል ሙቀት በጥቂት ዙሮች ውስጥ ያገኙታል፤ ያውም በማርሽ ብዙም ሳይታገዝ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚገዛው የተበሳሳ ዲስክ ሳይሆን፣ ማሸጊያው ያልተከፈተ የፍሬን ዘይት ነው። አዲስ ዶት 4 ዘይት ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት ይጠበቅበታል፤ ከአየር እርጥበት ሲጠጣ ግን መፍያው ወደ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ሱቅ መደርደሪያ ላይ ተከፍቶ የቆየን ጠርሙስ በርካሽ መግዛት ኪሳራ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ዶት 5 የሚባለው የሲሊኮን ዘይት ከዶት 4 ጋር ስለማይዋሃድ ለመኪናዎ አይሆንም።

ፍሬን ሲደክም ምን እንደደከመ ፔዳሉ ራሱ ይናገራል። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ እየላላ ወደ ወለሉ ከወረደ ዘይቱ ፈልቶ አረፋ ፈጥሯል ማለት ነው፤ ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ ሳለ መኪናው አልቆም ካለ ደግሞ ዲስኩን የሚይዘው የፍሬን ሸራ ከሚችለው በላይ ግሏል። የመጀመሪያው በዘይት ቅያሪ፣ ሁለተኛው ሙቀት በሚችል ሸራ ይስተካከላል። ለውድድር ብቻ የተሠራ ሸራ ግን ሳይግል በደንብ አይዝም፤ ጠዋት ከዚራ መስቀለኛ መንገድ ላይ ባጃጅ ድንገት ሲገባብዎ የሚፈልጉት እሱን አይደለም። ለከተማም ለፈጣን አነዳድም ተብሎ የተሠራው መካከለኛ ሸራ ይበቃዎታል። የተበሳሳ ዲስክ በተደጋጋሚ ሙቀት ከቀዳዳዎቹ ጀምሮ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ደህናው ለስላሳ ዲስክ ይብለጥብዎ። የትራክ ዙር ሲጨርሱ አንድ ዙር በዝግታ ነድተው ያብርዱት፤ ቆመውም የእጅ ፍሬን አይያዙ፣ ማርሽ ውስጥ አስገብተው ጎማውን በድንጋይ ያስደግፉ።

አሁን ወደ መካኒክዎ ምክር እንምጣ፤ ቴርሞስታት ማውጣት በቆላ ከተሞቻችን እንደ ደንብ የተያዘ ነገር ስለሆነ ሰፋ አድርጌ መመለስ እፈልጋለሁ። በመኪናዎ ሞተር ውስጥ ያለው ቴርሞስታት ውሃን የሚያግድ በር ብቻ ሳይሆን፣ ውሃው በራዲያተር በኩል ይሂድ ወይስ በአቋራጭ ወደ ሞተር ይመለስ የሚለውን የሚወስን ጭምር ነው። ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀርና ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ ይመለሳል። በዚህም ላይ ሞተሩ በጠዋት ቶሎ ስለማይሞቅ ኮምፒዩተሩ ቤንዚን እየጨመረ ይሰጠዋል። ይልቁንስ አንድ ቁጥር ልንገርዎ፦ ይህ ቴርሞስታት የሚከፈተው በ97 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ በድሬዳዋ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ96 ዲግሪ፣ በሐረር ደግሞ በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያልታመቀ ንጹሕ ውሃ በዚህ ሞተር ውስጥ ቴርሞስታቱ እንኳ ሳይከፈት ሊፈላ ይችላል ማለት ነው። ውሃውን ከመፍላት የሚጠብቁት ግፊት የሚይዘው ክዳንና ከውሃው ጋር በእኩል መጠን የሚደባለቀው ኩላንት ናቸው። ስለዚህ ቴርሞስታቱን በአዲስ ይተኩ፤ ከእሱ ጋር ክዳኑን፣ በዕድሜ ብዛት የሚሰነጠቀውን የፕላስቲክ የውሃ ማጠራቀሚያ፣ የውሃ ፖምፓውንና የላስቲክ ቱቦዎቹን በአንድ ጊዜ ያስቀይሩ። ወጪው ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ከታጠፈ ቴስታታና ከተቃጠለ ጓርኒሲዮን ይረክሳል።

የዳሽቦርዱን የሙቀት መርፌም አይመኑት። የዚህ ሞዴል መርፌ ነጂውን እንዳያስደነግጥ ተብሎ ከ75 እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ባለው ክልል ውስጥ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆም የተሠራ ስለሆነ፣ ሲነቃነቅ ያዩት እንደሆነ ነገሩ አልፏል። ከመሪው በታች ባለው መሰኪያ የሚገባ፣ ትክክለኛውን ዲግሪ በስልክ የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ እሱ ከማርሚታ ቅያሪ በፊት ይገዛ። ማርሚታውማ ድምፅ እንጂ ጉልበት አያመጣልዎትም፤ ተርቦ የሌለው ሞተር በ1200 ሜትር ከፍታ ላይ በአየር መሳሳት ብቻ ከጉልበቱ 12 በመቶ ያህል ያጣል፤ ይህን ደግሞ ማርሚታ አይመልሰውም።

ይበልጥ የሚይዝ ጎማ ከማስገባትዎ በፊት መኪናውን በሊፍት አሰቅለው፣ የኋላው አክስል የሚታሰርበት የወለል ብረት እንዳልተሰነጠቀ በባትሪ ብርሃን ያሳዩ። የዚህ ሞዴል የታወቀ ድካም ስለሆነ፣ ስንጥቅ ከተገኘ ብየዳውና ማጠናከሪያው ከሁሉም ይቅደም። የፊት ክንዶቹ ጎሚኒዎችም በዚያው ይታዩ፤ ጎሚኒው ካለቀ የጎማ አቋም ማስተካከል ገንዘብ መበተን ነው።

ለጎማ የፋብሪካውን 205/55 አር 16 መጠን አይልቀቁ። ከጎኑ ላይ ካለው ጽሑፍ ውስጥ የተሠራበትን ጊዜ የሚናገሩትን አራት አኃዞች ያንብቡ፤ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሸካራነቱ ያልተነካ ጎማ እንኳ ለዓመታት ሙቀት ውስጥ ከከረመ ደርቆ መያዙን ይተዋል። ከጎኑ ላይ የሚጻፈው ትሬድዌር የተባለው የማለቅ መጠን ቁጥር ወደ 200 የቀረበ ጎማ በደንብ ይይዛል፤ በዚያው ልክ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ሁለተኛ ቸርኬ ገዝተው ይህንን ለእሑድ ብቻ ቢያደርጉት ነው የምመርጠው። የሚያስሩበትን ብሎን በ120 ኒውተን ሜትር፣ ኃይል በሚለካ ኪያቬ ያጥብቁ፤ ከመጀመሪያው ዙር በኋላም ይድገሙት።

የጎማ አቋምን በተመለከተ የፊት ጎማዎቹ ከላይ ወደ ውስጥ ዘንበል ቢሉ መዞሪያ ላይ ይጠቅማል። በአሞርዛተሩ የላይኛው መቀመጫ ላይ ያለችውን ትንሽ የአቅጣጫ ፒን በማውጣት ብቻ ግማሽ ዲግሪ ገደማ ማግኘት ይቻላል፤ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ዲግሪ ለእርስዎ አገልግሎት ይበቃል። ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዩበት የፊት ለፊት አቅጣጫቸው ግን ዜሮ ይሁን፣ ማለትም ቀጥ ብለው ወደ ፊት ይዩ፤ ጎማ የሚበላው ከዘንበሉ ይልቅ ይህ ነው።

ሞላ መቁረጥ የማይሞከር ነው። መኪናው ዝቅ ሲል የሞላው መውረጃ ያጥራል፤ መዞሪያ መሃል ላይ ከላስቲክ ማቆሚያው ጋር ሲጋጭ ጎማው ድንገት ይለቃል፤ የሰቢያን የፍጥነት መቀነሻዎችም ሆዱን ይጨርሱታል። ገንዘብ ከተረፈዎ በአሮጌው ፈንታ አዲስ አሞርዛተር ያስገቡ።

በውድድሩ ዕለት ባጋሊዮው ባዶ ይሁን፤ ስኮርታ ጎማ፣ ክሪክ፣ በተለይም የቤንዚን ጀሪካን ውጭ ይቅሩ። ሄልሜት ለሁሉም ግዴታ ይሁን። አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም፦ ደንገጎ መለማመጃ አይደለም። ከአወዳይ ጫት ይዘው የሚበሩትን መኪኖች በጠባብ መዞሪያ ላይ ፊት ለፊት ያገኘ ሰው ምክንያቱን አይጠይቀኝም።

ጥያቄ

እኔ ከሐረር ነኝ። ከላይ የጠየቀው ጓደኛዬ ጋር ለመወዳደር እሑድ እሑድ ድሬዳዋ እወርዳለሁ። ጎማዬን ሐረር አስነፍቼ ብወርድ የአየሩ መጠን ይዛባል?

መልስ

ብዙም አይዛባም፤ ምክንያቱ ግን ደስ የሚል ነው። ድሬዳዋ ሲወርዱ የውጭው አየር ስለሚከብድ መለኪያው አንድ ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት የሚለካበት አሃድ) ያህል ቀንሶ ያነባል፤ ሙቀቱ ደግሞ ከሐረር በስድስት ዲግሪ ገደማ ከበለጠ ያንኑ አንድ ፒኤስአይ መልሶ ይጨምረዋል። የሚያሳስተው መንገዱ ራሱ ነው፤ ከደንገጎ ወርዶ የጋለ ጎማ ከቀዝቃዛው በርካታ ፒኤስአይ ከፍ ብሎ ስለሚነበብ፣ ግቢው ደርሰው ጥላ ውስጥ አቁመው ካቀዘቀዙ በኋላ ይለኩ። ከዚያ በእያንዳንዱ ጎማ ትከሻ ላይ፣ መሬት ከሚነካው ጥርስ ጀምሮ እስከ ጎኑ ድረስ፣ በጠመኔ መስመር ያስምሩና አንድ ዙር ይንዱ። ጠመኔው ወደ ጎኑ ዘልቆ ከጠፋ ጎማው እየታጠፈ ነውና ሁለት ፒኤስአይ ይጨምሩ፤ የጥርሱ ጠርዝ ላይ ያለው ጠመኔ ሳይነካ ከቀረ ትንሽ ይቀንሱ። ማታ ወደ ሐረር ከመነሳትዎ በፊት በነጂው በር ምሰሶ ላይ በተጻፈው መጠን ያስመልሱት፤ ጎሚስታው የጋለ ጎማ እየለካ መሆኑን ግን አስቀድመው ይንገሩት።