ትልቁ ሞዴል ከትንሹ ሲቀል

ጥያቄህን ባጭሩ ላስቀምጠው። ሁለት ዓመት በሬዲዮ የሚመራ የመለማመጃ ሞዴል አውሮፕላን አብርረሃል፤ አሁን ወደ አክሮባት፣ ማለትም አየር ላይ ወደ መገለባበጥ፣ መግባት ፈልገህ በሁለት ሞዴሎች መካከል ትዋልላለህ። ትንሹ ከክንፍ ጫፍ እስከ ጫፍ 1 ሜትር ነው። የክንፉ ስፋት 20 ካሬ ዴሲሜትር፣ ክብደቱ ያለ ባትሪ 800 ግራም። ትልቁ 1.45 ሜትር ነው። ስፋቱ 42፣ ክብደቱ ባትሪው ገብቶ 2.4 ኪሎ። ክብደቱን ለስፋቱ አካፍለህ የክንፍ ጭነቱን፣ ማለትም እያንዳንዱ ካሬ ዴሲሜትር የሚሸከመውን፣ 40 እና 57 ግራም አገኘህ። «ትልቁ ከባድ ነው፣ ትንሹን ልግዛ?» ትላለህ።

ቆይ ወንድሜ፣ አትቸኩል። መጀመሪያ ያቺን «ያለ ባትሪ» የምትል ነገር እንያት። ክንፉ የሚሸከመው ከመሬት የሚነሳውን ሁሉ ነው። ለዚህ መጠን የሚሆን ባትሪ 180 ግራም ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ ትንሹ የሚበረው 980 ግራም ሆኖ ነው፤ ጭነቱም 40 ሳይሆን 49 ነው። ሻጭ የሚጽፈውን ክብደት ሁሌም እንዲህ መርምረው።

ሁለተኛው ነገር ይበልጣል። መጠናቸው የተለያየ ሞዴሎችን በዚህ ቁጥር ብቻ ማወዳደር ያሳስታል። አንድን አውሮፕላን በሁሉም አቅጣጫ እጥፍ አድርገህ ብትሠራው የክንፉ ስፋት 4 እጥፍ፣ ክብደቱ ግን 8 እጥፍ ይሆናል። ምንም ሳይበላሽ የክንፍ ጭነቱ በእጥፍ ጨመረ ማለት ነው።

ስለዚህ እኔ እንዲህ አሰላለሁ። ስፋቱን ወደ ካሬ ሜትር ቀይር፣ በራሱ ስኩዌር ሩት አባዛው፣ ከዚያ ኪሎውን ለውጤቱ አካፍል። ለትልቁ 0.42 በ0.648 ሲባዛ 0.272 ነው፤ 2.4 ለዚህ ሲካፈል 8.8 ይመጣል። ትንሹ በዚሁ ስሌት 11 ይሆናል። ከ6 በታች የሆነ ሞዴል ቀሎ ይንሳፈፋል፣ ግን ንፋስ ይጫወትበታል። ከ7 እስከ 10 ለአክሮባት ጀማሪ ደስ የሚል ነው። ከ12 በላይ ከሆነ ሲያርፍ ይሮጣል፣ ስህተትም አይምርም።

አየር ላይም ልዩነቱን ታየዋለህ። ትልቁ ስቶል የሚያደርገው፣ ማለትም ክንፉ አየሩን መያዝ አቅቶት የሚወድቀው፣ በግምት በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ላይ ነው፣ ትንሹ 30 ላይ። ቁጥሩ ሲታይ ትንሹ ይሻላል። ግን ትንሹ በሰከንድ የራሱን ክንፍ ርዝመት 8 ጊዜ ተኩል ሲያልፍ ትልቁ 6 ጊዜ ከትንሽ ብቻ ነው። ለዓይንህ የሚረጋጋው ትልቁ ነው፤ እጅህ የሚከተለው ደግሞ ዓይንህን ነው።

አክሮባት ላይ ሌላም ጣጣ አለ። ሉፕ (ቀጥ ብሎ የቆመ ክብ ዙር) ስትሠራ ኤሌቬተሩን፣ አፍንጫውን ወደ ላይ የሚያነሳውን የጅራት መቅዘፊያ፣ ስበህ 4 ጂ ብታስገባ ክንፉ የሞዴሉን ክብደት 4 እጥፍ ይሸከማል። ያኔ የስቶል ፍጥነቱ በእጥፍ ያድጋል፤ የትልቁ 33 የነበረው 66 ይሆናል። ብዙ ሞዴል ከሉፕ ሲወጣ ድንገት ተገልብጦ የሚወድቀው ለዚህ ነው። ሞተሩ አይደለም፣ ሬዲዮውም አይደለም። ሜዳህ ከባሕር ጠለል 2000 ሜትር ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ አየሩ ስስ ነው፤ በሁሉም ፍጥነት ላይ 10 በመቶ ያህል ጨምርበት።

የራሴን ልንገርህ። 1.6 ኪሎ የሚመዝን ሞዴሌ ጅራቱ ተሰብሮ በሙጫ፣ በካርቦን ዘንግና በቀለም ጠገንኩት። ጥገናው 70 ግራም ጨመረ። ጅራቱ ስለከበደ ሚዛኑን ለመመለስ አፍንጫው ላይ 150 ግራም እርሳስ አሰርኩ። ጅራት ላይ የጨመርከውን አፍንጫ ላይ እጥፍ ትከፍላለህ። እሺ ይለኝ የነበረው ሞዴል ከዚያ ወዲህ ጠባብ ዙር ላይ ግራ ክንፉን ይጥል ጀመር። እርሳሱን አውጥቼ ባትሪውን ወደፊት ስገፋው ነው የተሻለው።

ስለዚህ ትልቁን ግዛ። ሳጥኑን ከፍተህ ገጣጥመህ ስትጨርስ ከነባትሪው የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጠው። ከ2.6 ኪሎ ካለፈ ቀለል ያለ ባትሪ ፈልግለት። የመጀመሪያው ቀን ላይ ሉፕ አትሞክር። ከፍ በል፣ ሞተሩን ዝጋ፣ አፍንጫውን አግድም አድርገህ ይዘህ ኤሌቬተሩን ቀስ እያልክ ሳብ። የትኛው ክንፍ እንደሚወድቅና ከመውደቁ በፊት እንዴት እንደሚወዛወዝ ሦስት አራት ጊዜ ተመልከት። ከዚያ ሞተሩን ግማሽ ከፍተህ ዙር ላይ ጠንከር አድርገህ ሳበው። ሲንቀጠቀጥ ካየህ ኤሌቬተሩን ልቀቅ፤ ክንፉ ወዲያው አየሩን መልሶ ይይዛል።