የሠራተኛ አባታችሁን ታሪክ ስትጽፉ

ልጆቼ፣

ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ግንበኛ ሲያርፍ ለቅሶው ሰፊ ነው። የዕድሩ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ አብሮት ድንጋይ ያነሣ ሁሉ ከሽምብጥም ከፋሲሎም ከዘጌም ይመጣል። ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ የሕይወት ታሪኩ ይነበባል። «ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ሥራ ወዳድ፣ ለቤተሰቡ አሳቢ ነበር።» ሁሉም እውነት ነው። ግን ስሙን አውጥታችሁ የጎረቤቱን ስም ብታስገቡበት አንድም ቃል መለወጥ አያስፈልግም። አርባ ዓመት ድንጋይ ሲጠርብ የኖረ ሰው በአራት ቃል ሲሸኝ በጣም ያሳዝነኛል። የሠራተኛ ሰው ታሪክ በእጁ ሥራ ነው የሚጻፈው። እንዴት እንደሚጻፍ ልንገራችሁ።

አባታችሁ በሕይወት ካለ ዛሬ ጀምሩ። ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ «እስቲ ታሪክህን አጫውተን» ብትሉት «ምን ታሪክ አለኝ» ብሎ ይዘጋዋል። ይልቅ ወደ ሠራው ግንብ ውሰዱት። እጁ ድንጋዩን ሲነካ አፉ ይፈታል። ድምፁን በስልክ ቅረጹ፤ ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሣው ነፋስ ድምፅ ስለሚያበላሽ ስልኩን ከደረቱ አጠገብ ያዙት፣ ጀርባችሁንም ለነፋሱ ስጡ።

መጠየቅ ያለባችሁን ለማወቅ ሙያውን ትንሽ ማወቅ አለባችሁ። የአካባቢያችን ድንጋይ ጥቁር ባሳልት ነው፤ አንዳንዱ ድፍን፣ አንዳንዱ ቀዳዳ የበዛበት። ደህና ግንበኛ ድንጋዩን በመዶሻ መታ አድርጎ ያዳምጠዋል። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ጤነኛ ነው፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ ተሰንጥቋል። ማዕዘኖቹን አስቀድሞ ያቆማል፣ በመካከላቸው ሲባጎ ይወጥራል፣ ቁመቱን በቱንቢ፣ አግድሙን በውኃ ልክ ያያል። የታችኛው መጋጠሚያ ላይ የላይኛው እንዳይውል ድንጋዩን ያፈራርቃል፤ ካላፈራረቀ ግንቡ አንድ ቀን ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል። የድንጋይ ግንብ ፊትና ኋላ አለው፤ ሁለቱን የሚያያይዝ ረጅም ድንጋይ በየሜትሩ ገደማ ይገባል። ይህ ድንጋይ ከውጭ ብዙም አይታይም፣ ስለዚህ የቸኮለ ሰው ይዘለዋል። ከጥቂት ክረምት በኋላ ሁለቱ ፊቶች ይለያዩና ግንቡ ሆዱን ይነፋል። አባታችሁ የሠራው ግንብ ሆዱን ካልነፋ፣ ማንም ባላየው ጊዜ ያንን ድንጋይ አስገብቷል ማለት ነው። ይህን ጻፉ።

ልውሱንም ጠይቁት። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ነው፣ በመጠን ወደ 35 ሊትር ይሆናል፤ ለግንብ የእሱን ሦስት ወይም አራት እጥፍ አሸዋ ይገባበታል። አሸዋው ጭቃ ካለበት አይያያዝም፤ ለዚህ ነው አሮጌ ግንበኞች እፍኝ አሸዋ አሽተው መዳፋቸውን የሚያዩት። ውኃ ከበዛበት ይደክማል፣ ቆይቶ መድረቅ የጀመረውን ደግሞ ውኃ ጨምሮ እንደገና ማለወስ ጥንካሬውን ይገድለዋል። ያለቀው ግንብ ቢያንስ 7 ቀን ውኃ ይጠጣል። ዋልካ መሬት ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ አፈሩ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ላዩ ላይ የተጣለ መሠረትም አብሮት ይንቀሳቀሳል።

አሁን ዓረፍተ ነገሩን ተመልከቱ፦ «አባታችን ዋልካ መሬት ላይ ጥቁሩን አፈር አውጥቶ ጠንካራው ጋ ሳይደርስ መሠረት አይጥልም ነበር፤ ባለቤቱ ወጪ በዛ ብሎ ከተቆጣ ሥራውን ይተዋል እንጂ።» እውነት ከሆነ «ታማኝ» ማለት አያስፈልጋችሁም። እውነት መሆኑን ግን አብረውት ከሠሩ ሁለት ሰዎች አረጋግጡ። ባልደረባ በፍቅር ያጋንናል። የከተማችን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ፖሊ ቴክኒክ ትምህርት ቤቱ፣ የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ በ1950ዎቹ ሲሠሩ ብዙ እጅ ነክቷቸዋል። «ፋብሪካውን ሠራ» ተብሎ ከሚነበብ «ፋብሪካው ሲሠራ በ16 ዓመቱ ድንጋይ ያቀብል ነበር» ቢባል ያከብረዋል። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ልዩነቱን ያውቃሉ።

አባታችሁ ግንበኛ ካልሆነም መንገዱ ያው ነው። ታንኳ ሠሪ ከሆነ ደንገሉን የት እንደሚያጭድ፣ ስንት ቀን እንደሚያደርቅ፣ በምን እንደሚያስር ጠይቁ።

ዘመኑ ላይ ብዙ ስሕተት ይሠራል። የልደት ዓመቱን የማያውቅ አባት ብዙ ነው። «ስንት ዓመትህ ነው» ከማለት «አብዮቱ ሲፈነዳ አግብተህ ነበር? በ77 ድርቅ የመጀመሪያው ልጅ ተወልዶ ነበር? በ83 የት ትሠራ ነበር?» በሉት፤ ከሦስት መልስ ዓመቱ ይጠጋል። «ገደማ» ብሎ መጻፍ ነውር የለውም። በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፈ ሰነድ ካገኛችሁ፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ እንቁጣጣሽ ዋዜማ (ሴፕቴምበር 10 ወይም 11) ያለውን ቀን 8 ዓመት፣ ከእንቁጣጣሽ እስከ ዲሴምበር 31 ያለውን 7 ዓመት ቀንሱ። ሁሉንም በ8 የሚቀንስ ሰው አባቱን በአንድ ዓመት ያሳስተዋል።

የክርስትና ስሙን አሁኑኑ ጠይቁ። ኦርቶዶክስ ከሆነ ፍትሐቱም፣ የአርባውና የሰማንያው ጸሎትም በዚያ ስም ነው። ቄሱ ሲጠይቁ ልጆች እርስ በርስ የሚተያዩበት ለቅሶ ብዙ ነው።

የቤቱን ታሪክ እናታችሁን ጠይቁ። ቅዳሜ ሒሳብ ሲቀበል መጀመሪያ ወዴት ይሄድ ነበር? ዕቁቡ ሲደርሰው ምን ገዛ? ሥራ በሚቀዘቅዝበት ክረምት ቤቱ በምን ይኖር ነበር? ሲሚንቶ እጅ ያቃጥላል፣ ጣት ይሰነጥቃል፤ ማታ ያንን እጅ ማን ቅቤ ይቀባው ነበር? የጋብቻቸው ታሪክ ከሠርጉ ይልቅ እዚያ ላይ አለ። በዚያ እጅ ደብተር ይዞ ያስጠናችሁ ከሆነም ጻፉት።

ስትጽፉ ከአንድ ገጽ ተኩል አትለፉ፤ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ ነው የሚሰማው። የሚያነበው ልጅ ድምፁ ከተቆረጠ የሚቀበለው ሰው አጠገቡ ይቁም፣ ሁለተኛ ቅጅም በእጁ ይኑር። የልጆቹን ስም ዝርዝር አስቀድማ እናታችሁ ታንብበው፤ ስሙ የተረሳ ልጅ፣ በሕፃንነቱ የሞተም ቢሆን፣ ለዓመታት ቅሬታ ይሆናል።

የሠራቸውን ግንቦች ፎቶ አንሡ፣ በፎቶው ጀርባ ቦታውንና ዓመቱን በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል። መዶሻውንና ቱንቢውን ዘይት ቀብታችሁ በደረቅ ቦታ አስቀምጡ። ሲባጎውን ግን ከመጠቅለላችሁ በፊት ዘርግታችሁ እዩት። በ3፣ በ4 እና በ5 ሜትር ልክ የተቋጠረ ከሆነ የቤት ማዕዘን ያወጣበት የነበረው ነው፤ ቋጠሮውን አትፍቱት።