ለልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ልጆችን ማዘጋጀት፦ የደሴና የኮምቦልቻ ወላጆች ጥያቄና መልስ

የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ወላጅ ዓይኑን ጎበዝ ተማሪዎችን በመግቢያ ፈተና መርጠው ከ9ኛ ክፍል ወደሚቀበሉ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ቢያዞር አይገርምም። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች የወላጆችና የተማሪዎች ናቸው፤ መልስ የሚሰጡት የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ሒሳብ መምህር ናቸው።

ልጄ 8ኛ ክፍል ናት፤ ከክፍሏ 2ኛ ትወጣለች። ከየት እንጀምር? (እናት፣ ሰኞ ገበያ)

ደረጃውን ለጊዜው ይተዉት እትዬ። ደረጃ ከጓደኞቿ ጋር ያወዳድራታል እንጂ ምን እንደጎደላት አይናገርም። በ2018 ዓ.ም. 8ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ሳይደግም ከመጣ፣ መጋቢት 2012 ትምህርት ቤት በኮሮና ሲዘጋ 2ኛ ክፍል ነበር። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ደግሞ 4ኛ ክፍል። አንዱ ንባብ የሚጸናበት፣ ሌላው ክፍልፋይና ረጅም ማካፈል የሚያዝበት ጊዜ ነው። የ8ኛ ክፍሉን ቀመር ሸምድዶ ክፍልፋይ ላይ የሚወድቅ ልጅ የበዛው በዚህ ነው።

እነዚህን አምስት ጥያቄዎች በወረቀት ይጻፉላትና ያለ ስልክ 10 ደቂቃ ይስጧት፦

7056 ÷ 14
3/4 − 2/3
0.6 × 0.05
የ260 15 በመቶ
7 − 2(ሀ − 3) = 1 ቢሆን ሀ ስንት ነው?

መልሶቹ በቅደም ተከተል 504፣ 1/12፣ 0.03፣ 39 እና 6 ናቸው። ልብ ብለው ማየት ያለብዎት ግን የተሳሳተውን መልስ ነው፤ ጉድለቱ የት እንዳለ የሚናገረው እሱ ነው። ለመጀመሪያው 54 ካለች፣ የወረደው 5 ለ14 ሳይደርስ ሲቀር 0 መጻፍ እንዳለባት አላወቀችም። ለሁለተኛው 1 ካለች፣ ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ቀንሳለች። ለሦስተኛው 0.3 ካለች የአስርዮሽ ነጥብ አቆጣጠር ላይ ነው ችግሩ። ለመጨረሻው 0 ካለች የመቀነስ ምልክቱን ወደ ቅንፉ ውስጥ አላስገባችውም፤ 16/5 ካለች ደግሞ ከማባዛቱ በፊት 7 ላይ 2ን ቀንሳለች።

ከአምስቱ ሁለት ከሳተች የ8ኛውን መጽሐፍ ለሦስት ሳምንት ያቆዩትና የ5ኛንና የ6ኛን ክፍል መጽሐፍ ያውጡ። ልጆች ወደ ታች ክፍል መመለስ ያሳፍራቸዋል። ታናሽ ወንድም ወይም እህት ካላት እንድታስረዳው ያድርጉ፤ እፍረቱም ይቀራል፣ ትምህርቱም ይገባታል።

በቀን ስንት ሰዓት ያጥና? የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናም ተደርቦበታል። (አባት፣ ኮምቦልቻ)

ተደርቦበታል አይበሉ፤ ሁለቱም የሚነሱት ከዚያው ከ7ኛና ከ8ኛ ክፍል መጽሐፍ ነው። የመግቢያው ፈተና የሚለየው አንዱን ምዕራፍ ከሌላው ጋር አጣምሮ ስለሚጠይቅ ነው።

በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን 90 ደቂቃ ይበቃል። 10 ደቂቃ በቃል ስሌት (የ1 እስከ 20 ስኩዌር፣ የ1 እስከ 10 ኩብ፣ ክፍልፋይን ወደ መቶኛ መለወጥ)፣ 40 ደቂቃ አዲስ ርዕስ፣ 10 ደቂቃ ዕረፍት፣ 30 ደቂቃ የተቀላቀለ ልምምድ። ቅዳሜ ለአንድ ሰዓት ሰዓት ተይዞ ይፈተን፤ ከዚያ ሌላ አንድ ሰዓት ሙሉ የሳተውን ያርም። እርማቱን የሚዘል ወላጅ ፈተናውን በከንቱ ነው የሰጠው።

ለእርማቱ አንድ ደብተር ለብቻው ይያዝ። ልጁ የሳተውን እያንዳንዱን ጥያቄ ይገለብጥና ከአራቱ አንዱን ይጻፍበት፦ «አላውቀውም»፣ «አውቃለሁ፣ ስሌት ሳትኩ»፣ «ጥያቄውን አላነበብኩትም»፣ «ጊዜ አለቀ»። ሁሉም መፍትሔያቸው ለየቅል ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ መግለጥ ይፈልጋል። የሁለተኛው መፍትሔ እያንዳንዱን መስመር ሳይዘሉ መጻፍ ነው፤ ብዙ ልጅ ሦስት መስመር በአንድ እየጨፈለቀ ምልክት ይጥላል። የሦስተኛው የተጠየቀውን ቃል በእርሳስ ማስመር ነው። የአራተኛውን ከታች ጊዜ ያልቅብኛል ላለችው ተማሪ በሰጠሁት መልስ ያገኙታል። ያንኑ ጥያቄ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያም ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሱን ሳያይ ይሥራው። ሁለቱንም ጊዜ ካገኘው ይሰረዝ።

አስጠኚ ቀጥሬያለሁ፤ በሳምንት 200 ጥያቄ ያለው ወርክሺት ይሰጠዋል። ቤት ሲሠራ 90 ያመጣል፣ ሞዴል ላይ ግን 55። ምኑ ነው? (አባት፣ ሆጤ)

ወርክሺቱ በርዕስ የተከፈለ ይመስለኛል። ከላዩ «የፓይታጎረስ ቴዎረም» የሚል 20 ጥያቄ የተሰጠው ልጅ የትኛውን ዘዴ እንደሚጠቀም ርዕሱ ነግሮታል። ፈተና ላይ ርዕስ የለም። አሠራሩን ያውቃል፤ መቼ እንደሚያወጣው ግን አልተለማመደም።

አስጠኚውን 200ው ቀርቶ 40 እንዲያደርገው ይንገሩት፤ ግን 40ውም ከተለያየ ምዕራፍ የተቀላቀለ ይሁን፣ ቢያንስ ግማሹ ከወር በፊት ከተማሩት ይምጣ። ውጤቱ መጀመሪያ ይወርዳል፤ አይደንግጡ። ሌላም አለ፦ አስጠኚው ሲያስረዳ ልጁ «ገባኝ» ካለ አይመኑት። እስክርቢቶው በማን እጅ እንደሆነ ይዩ። ከሰዓቱ ሁለት ሦስተኛው በልጁ እጅ ካልሆነ የሚያጠናው አስጠኚው ነው።

ሒሳብ ላይ የትኛው ምዕራፍ ይበልጥ ይለያል? (መምህርት፣ ደሴ)

ጎበዙን ከመካከለኛው የሚለዩት እኔ እንደማየው ሦስት ናቸው።

አንደኛው መቶኛ በመቶኛ ላይ ሲመጣ ነው። 800 ብር የነበረ ጫማ 25 በመቶ ጨምሮ 1000 ገባ። ወደ 800 ለመመለስ ስንት በመቶ ይቀነስ? ልጆች 25 ይላሉ፤ መልሱ 20 ነው፤ ምክንያቱም አሁን መነሻው 1000 ነው። በየጥያቄው «የምን በመቶ?» ብሎ መጠየቅን ማስለመድ ነው።

ሁለተኛው ተመሳስሎ ነው። የሁለት ተመሳሳይ ምስሎች ጎን 2 ለ3 ከሆነ ስፋታቸው 4 ለ9 ነው። ጠጣር አካላት ከሆኑ ይዘታቸው 8 ለ27። ለስፋቱም 2 ለ3 የሚል አማራጭ ሁልጊዜ ተቀምጦ ይጠብቃል። በቃል አያስሸምድዷቸው፤ በካሬ ወረቀት 2 በ2 እና 3 በ3 ካሬ ሠርተው ትንንሾቹን ይቁጠሩ።

ሦስተኛው ያለእኩልነት ነው። ከ−2ሀ > 6 ተነስቶ ሀ > −3 የሚል ልጅ ይበዛል። በነጌቲቭ ሲካፈል ምልክቱ ይዞራል፤ ሀ < −3 ነው። ደንቡ ቢረሳ እንኳ ማጣሪያ አለ፦ 0ን ይተካ። 0 > 6 ሐሰት ነው፤ ስለዚህ 0 ያለበት መልስ ትክክል ሊሆን አይችልም። አምስት ሰከንድ አይፈጅም።

እኔ ተማሪ ነኝ። ሒሳብ እችላለሁ ግን ጊዜ ያልቅብኛል። (8ኛ ክፍል፣ ቧንቧ ውሃ)

አብሽሪ፣ ይህ የሚታረም ነው። ለምሳሌ 50 ጥያቄ በ60 ደቂቃ ቢሰጥሽ ለአንዱ 72 ሰከንድ ይደርሰዋል። ችግሩ አንዱ ከባድ ጥያቄ ላይ 5 ደቂቃ ስትቆዪ የአራት ጥያቄ ጊዜ መብላትሽ ነው። ሁለት ዙር ሂጂ። በመጀመሪያው ዙር፣ 35 ደቂቃ፣ አሠራሩ ወዲያው የታየሽን ብቻ ሥሪ፤ ያልታየሽን ቁጥሩን አክብበሽ እለፊ። በሁለተኛው ዙር 20 ደቂቃ ወደ ተከበቡት ተመለሺ። የቀረው 5 ደቂቃ ለመልስ መስጫው ወረቀት ነው።

መልስ መስጫው ላይ የሚደርሰው አደጋ ሁሌም አንድ ነው፦ 17ኛውን ዘለሽ የ18ኛውን መልስ 17 ላይ ታጠቁሪያለሽ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይንሸራተታል። በየአምስት ጥያቄው የጥያቄውንና የወረቀቱን ቁጥር አስተያዪ። ኤችቢ እርሳስ ሁለት፣ ንጹሕ ላጲስና መቅረጫ ያዢ፤ ያረጀ ላጲስ ወረቀቱን ያጨማልቀዋል። ነጥብ ይቀነሳል ካልተባለ ባዶ አትተዪ፤ ከአራት አማራጭ ሁለቱን መጣል ከቻልሽ የማግኘት ዕድልሽ ግማሽ ነው።

እንግሊዝኛው ደካማ ነው፤ ሒሳቡን ግን በአማርኛ ሲነግሩት ይሠራዋል። (እናት፣ ኮምቦልቻ)

ቢያልፍም ባያልፍም 9ኛ ክፍል ላይ ከአማርኛ በቀር ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ስለዚህ የሚደክሙበት ድካም አይባክንም። ከሰዋስው በፊት የጥያቄ ቋንቋን ያስይዙት። ሰም መደመር፣ ዲፈረንስ መቀነስ፣ ፕሮዳክት ማባዛት፣ ኮሸንት ማካፈል ነው። «አት ሊስት» ቢያንስ፣ «አት ሞስት» ቢበዛ ማለት ነው። «ኤክሰፕት» እና «ኖት» ያለበት ጥያቄ ደግሞ ሦስት ትክክልና አንድ ስህተት ስለሚደረድር፣ ቃሉን ያላየ ልጅ የመጀመሪያውን ትክክል መርጦ ይሄዳል።

በጣም የሚያሳስተው «ፋይቭ ለስ ዛን ኤ ነምበር» ነው። ልጆች እንደ አነባበቡ 5 ሲቀነስ ቁጥሩ ብለው ይጽፋሉ፤ ትክክሉ ቁጥሩ ሲቀነስ 5 ነው። እንዲህ ያሉ 60 ያህል አባባሎች በካርድ ላይ ጽፈው በቀን አምስት አምስት ያስጠኑት።

ለንባብ ክፍሉ መጀመሪያ ጥያቄዎቹን፣ ከዚያ ምንባቡን ያንብብ። የማያውቀው ቃል ላይ አይቁም፤ ዐረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻ ይሂድበት።

ሳይንሱስ? (አባት፣ ሸዋ በር)

ትርጓሜ መሸምደድ ግማሽ መንገድ ነው። ስሌት ባለበት ቦታ መለኪያ አሃድ ይጥላቸዋል። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ብንለውና ሚኒባሱ በ50 ደቂቃ ቢደርስ ፍጥነቱ በሰዓት ስንት ነው? 25ን ለ50 አካፍሎ 0.5 የሚል ልጅ ደቂቃውን ወደ ሰዓት አልለወጠም፤ መልሱ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። በመንገዱ ያለውን የሐረጎን ዳገት የሚወጣ መኪና በሰዓት 0.5 ኪሎ ሜትር እንደማይሄድ ያውቃል እኮ፤ መልሱን ከሚያውቀው ጋር ማስተያየት ነው ያልለመደው።

በረመዳን እንዴት ይሁን? ልጄ ይጾማል። (እናት፣ አራዳ)

ከባዱን ጠዋት ያድርጉት፤ ከሱሁርና ከሱብሂ ሶላት በኋላ ያለው ሰዓት ጭንቅላት ንቁ የሆነበት ነው። ከሰዓት በኋላ የስህተት ደብተሩን መከለስ ብቻ፤ ሰዓት የተያዘ ፈተና ከኢፍጣር አንድ ሰዓት በኋላ። ከተራዊሕ በኋላ አያስመሹት። ለዐቢይ ጾም ተማሪዎችም እንደዚሁ፣ ከባዱ ጠዋት ይሁን።

በቴሌግራም የመግቢያ ፈተናው እየተሸጠ ነው። ልግዛው? (ወንድም፣ ፒያሳ)

አይግዙ። የሚሸጠው በአብዛኛው የቆየ ክልላዊ ፈተና ሽፋኑ ተቀይሮ ነው፤ እሱን ደግሞ ከትምህርት ቤት ያገኙታል።

ለምዝገባ ምን እናዘጋጅ? (አያት፣ ደሴ)

እማማ፣ ማስታወቂያው ሲወጣ ከከተማው ትምህርት መምሪያ ወይም ከትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ራሱን ያንብቡት፤ መስፈርቱ በየዓመቱ ሊለወጥ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚፈለገው የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ካርድ፣ የክልላዊ ፈተና ውጤትና ጉርድ ፎቶግራፍ ነው። ሰው የሚጉላላው ስም ላይ ነው። ሰይድ ወይም ይመር የሚለው ስም በካርዱ ላይ በአንድ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ በልደት ሰርተፊኬቱ በሌላ ተጽፎ ይገኛል። አሁኑኑ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስነብቡ፤ ከተለያየ ትምህርት ቤቱ ሳይዘጋ ሪከርድ ክፍል ሄደው ያሳርሙ። ክረምት ላይ ፈራሚ ማግኘት ከፈተናው ይብሳል።

ፈተናው ደሴ ከሆነ ከኮምቦልቻ በዚያው ጠዋት መምጣት ይቻላል? (እናት፣ ኮምቦልቻ)

ይቻላል፤ ግን ክረምት ሐረጎ ላይ ጉም ይወርዳል፣ መኪናም ይንቀራፈፋል። ዘመድ ካለ ማታውኑ ደሴ ይደር። ከሌለ ከፈተናው ሁለት ሰዓት ተኩል አስቀድማችሁ ተነሡ። ጃኬት አይቅር፤ የኮምቦልቻ ልጅ በሸሚዝ መጥቶ የደሴ ብርድ ጣቱን ሲያደርቀው ጽሑፉ ይዘገያል።

ልጁ አዳሪ መግባት አልፈልግም ቢልስ? (አባት፣ ደሴ)

ከመመዝገቡ በፊት ይጠይቁት እንጂ ካለፈ በኋላ አይሁን። «አልፈልግም» ያለበትን ምክንያት ይለዩ፦ ፈተናውን ፈርቶ ነው ወይስ ከቤት መለየቱን? ፈተናውን ከሆነ ሁለት ሞዴል ሲሠራ ይቀለዋል። መለየቱን ከሆነ በዕረፍት ጊዜ ሁለት ሳምንት ዘመድ ቤት ይሰንብት፤ ልብሱን ራሱ ይጠብ፣ ሳይቀሰቀስ ይነሣ። ከዚያም እምቢ ካለ አያስገድዱት። ያጠናው 9ኛ ክፍልን የትም ቢማር ያግዘዋል።

ካልኩሌተር ይገባል? (8ኛ ክፍል፣ ኮምቦልቻ)

አይገባም ብለህ ተዘጋጅ። ስልክህንም ቤት ተወው፤ ኪስ ውስጥ ተዘግቶም ቢሆን ከተገኘ ያስወጣሃል።