የቤት ብድር ኤፒአር፦ ጥያቄና መልስ

አሜሪካ ውስጥ ቤት ለመግዛት ወይም ሪፋይናንስ ለማድረግ (ነባሩን ብድር በአዲስ ብድር ለመተካት) የተሰናዱ አባላት ላቀረቧቸው ጥያቄዎች፣ በሞርጌጅ (የቤት ብድር) ሥራ ላይ የቆየ አባል የሰጠው መልስ ነው።

ጥያቄ፦ አበዳሪው ወለዱ 6.5 በመቶ ነው ብሎኝ ነበር፤ በሎን ኤስቲሜቱ (አበዳሪው መጀመሪያ በሚሰጠው የብድር ግምት ሰነድ) ሦስተኛ ገጽ ላይ ግን ኤፒአር 6.7 በመቶ ይላል። የምከፍለው በየትኛው ነው?

መልስ፦ ወርሃዊ ክፍያዎ የሚሰላው በ6.5 በመቶው ነው። ኤፒአር ወለዱንና ብድሩን ለማግኘት የሚጠየቁትን ክፍያዎች አጣምሮ በዓመታዊ መቶኛ የሚገልጽ መለኪያ ሲሆን፣ አበዳሪዎች እንዲያሳውቁት የሚያስገድዳቸው እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የፌዴራል ሕግ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ እንዴት ይሰላል?

መልስ፦ 400,000 ዶላር በ6.5 በመቶ ለ30 ዓመት ቢበደሩ፣ ዋናውና ወለዱ በወር 2,528 ዶላር ይሆናል። ለፖይንት (ወለዱን ለማስቀነስ አስቀድሞ ለሚከፈለው) እና ለኦሪጅኔሽን (አበዳሪው ብድሩን ለማዘጋጀት ለሚያስከፍለው) 8,000 ዶላር ከከፈሉ፣ በተግባር ያገኙት ብድር 392,000 ዶላር ብቻ ሲሆን ወርሃዊው ክፍያ ግን አይቀንስም። ስሌቱ የሚፈልገው፣ 392,000 ዶላር የተበደረ ሰው በየወሩ 2,528 ዶላር እየከፈለ በ360 ወር ዕዳውን እንዲጨርስ ወለዱ ስንት በመቶ መሆን እንዳለበት ነው፤ ይህም 6.7 በመቶ ገደማ ይሆናል። ቁጥሩን በአንድ እርምጃ የሚሰጥ ቀመር ስለሌለ፣ ኮምፒዩተሩ ደጋግሞ እየሞከረ ይደርስበታል።

ጥያቄ፦ የቤት ግምትና የታይትል ኢንሹራንስ (የቤቱ ባለቤትነት ዋስትና) ክፍያዎችስ በኤፒአሩ ይካተታሉ?

መልስ፦ ዋጋቸው ተገቢ እስከሆነ ድረስ አይካተቱም፤ የክሬዲት ሪፖርት ክፍያም እንዲሁ። የሚካተቱት ፖይንት፣ ኦሪጅኔሽን፣ እስከ ወሩ መጨረሻ አስቀድሞ የሚከፈለው ወለድና የሞርጌጅ ኢንሹራንስ (ተበዳሪው ባይከፍል አበዳሪውን የሚጠብቀው) ናቸው። በኤፍኤችኤ (የፌዴራል መንግሥት ዋስትና ባለው) ብድር ኤፒአሩ ከወለዱ በጣም ርቆ የሚታየውም በዚሁ ኢንሹራንስ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ሁለተኛ አበዳሪ ያለ ምንም ክፍያ በ6.75 በመቶ ሊያበድረኝ ነው፤ ስለዚህ ኤፒአሩም ያው 6.75 ነው። ዘመዶቼ ባለ 6.7ቱን ውሰድ ይሉኛል፤ ትክክል ናቸው?

መልስ፦ ቤቱ ውስጥ 30 ዓመት ከቆዩ ትክክል ናቸው። ኤፒአር ግን ብድሩን እስከ መጨረሻው ቀን እንደሚይዙት አድርጎ ስለሚያሰላ፣ 8,000 ዶላሩን በ360 ወር ላይ ይበትነዋል። በአምስተኛው ዓመት ቤቱን ቢሸጡ ወይም ሪፋይናንስ ቢያደርጉ ያው 8,000 ዶላር በ60 ወር ላይ ብቻ ስለሚያርፍ፣ የዚያ ብድር ትክክለኛ ዋጋ ወደ 7 በመቶ ይጠጋል፤ ያለ ክፍያ የቀረበልዎት ደግሞ 6.75 እንደሆነ ይቀራል። በእርስዎ ምሳሌ ፖይንት የከፈሉበት ብድር አዋጭ የሚሆነው ከ10 ዓመት በላይ ሲቆዩ ነው። በእኔ አስተያየት ቤተሰቡ እያደገ ነውና ትልቅ ቤት ይፈልጋል፣ ወይም ወለድ ሲወርድ ሪፋይናንስ አደርጋለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው፣ ከኤፒአሩ በፊት የሚቆይበትን ዓመት መገመት አለበት። የኤፒአር ማስታወቂያ ይህን ጥያቄ አይጠይቅዎትም።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ወለድ ቋሚ ሆኖ ከዚያ በኋላ በሚለዋወጥ ብድርስ?

መልስ፦ እዚያ ላይ ኤፒአሩን አብዝተው አይመኑት። ከአምስት ዓመት በኋላ ያለውን ወለድ የሚገምተው፣ ውሉ ሲፈረም ያለው ኢንዴክስ (ወለዱ የሚከተለው የገበያ መለኪያ) ሳይለወጥ እንደሚቆይ አድርጎ ነው። በውሉ ላይ የተጻፈውን የወለድ ጣሪያ አንብበው፣ ወለዱ እዚያ ቢደርስ ወርሃዊ ክፍያው ስንት እንደሚሆን አበዳሪውን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ በቤት ዋጋ ላይ የሚሰጠው የክሬዲት መስመር፣ ሄሎክ የሚባለው፣ ኤፒአሩስ ከዚህ ጋር ይነጻጸራል?

መልስ፦ አይነጻጸርም። የሄሎክ ኤፒአር ወለድን ብቻ እንጂ ክፍያዎችን አያካትትም።

ጥያቄ፦ ክሎዚንግ (የመጨረሻው ፊርማ) ሊደርስ ሲል ኤፒአሩ ቢጨምርብኝ መብቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ እንደ እርስዎ ባለ ቋሚ ወለድ ብድር ላይ ኤፒአሩ ከተነገረዎት በላይ ከ0.125 የመቶኛ ነጥብ በሚበልጥ መጠን ከጨመረ፣ አበዳሪው የታረመ ክሎዚንግ ዲስክሎዠር (የብድሩን የመጨረሻ ወጪዎች የሚዘረዝር ሰነድ) መስጠትና ከመፈረምዎ በፊት እንደገና ሦስት የሥራ ቀናት መጠበቅ አለበት። በእነዚህ ቀናት የአዲሱን ሰነድ ሁለተኛ ገጽ ከሎን ኤስቲሜቱ ሁለተኛ ገጽ ጋር መስመር በመስመር ያስተያዩ፤ የጨመረው ክፍያ የሚገኘው እዚያ ነው።