ድንኳን ጭኖ፣ ብቻን፣ በብስክሌት፦ ለጠየቃችሁኝ

በብስክሌት ረጅም መንገድ ብቻን ስለመጓዝ የላካችሁልኝን ጥያቄዎች አንብቤያለሁ። አብዛኞቹ ስለ ኪሎ ሜትር ናቸው። እኔ ግን ቀኑን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም መቼ እንደምታቆሙ ነው ባይ ነኝ። መልሶቼ ወደ ማታው የሚያደሉት ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? የሁለት ወር ጉዞ እያሰብኩ ነው። ባዶ ብስክሌት ከሆነ 100 ኪሎ ሜትር አይከብደኝም። ዕቃ ጭኜ በቀን ስንት ልንዳ? አንዱ 60 ይለኛል፣ ሌላው 150። ግራ ገባኝ።

መልስ፦ በባዶ ብስክሌት የነዳኸውን ለጊዜው እርሳው። 20 ኪሎ ዕቃ ሲጫንበት አዟዟሩም፣ ፍሬን አያያዙም፣ ዳገት አወጣጡም ይለያል። ዕቃ ጭኖ ለሳምንታት ለሚጓዝ ሰው በቀን ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ጥሩ ነው፤ ዳገት ከበዛ 40ም ይበቃል። በመጀመሪያው ሳምንት ከ50 አትለፍ። ትንፋሽህ ቶሎ ይለምዳል፣ ጉልበትህና ጅማትህ ግን ጊዜ ይፈልጋሉ።

እስቲ እናስላው። ሜዳ ላይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ብትሄድ 75 ኪሎ ሜትር ማለት 5 ሰዓት ሙሉ ፔዳል መምታት ነው። በዚያ ላይ መብላት አለ፣ ውሃ መፈለግ አለ፣ ካርታ ማየት አለ፣ ሲሞቅ ማውለቅ ሲበርድ መልበስ አለ፤ ሳታስበው በድምሩ 8 ሰዓት ይፈጃል። ከዚያ ድንኳን መትከል፣ ማብሰል፣ ማጠብ፣ የነገውን መንገድ ማየት። አንተ ድንኳን ስትተክል ውሃ የሚያፈላልህ ሰው የለም፣ ሁሉም ተራ በተራ ባንተው እጅ ነው የሚያልፈው። ጠዋት ዕቃ መሸከፍ ብቻውን አንድ ሰዓት ይበላል።

ስለዚህ ፀሐይ ልትጠልቅ 2 ሰዓት ሲቀራት ማደሪያ መፈለግ ጀምር። «ትንሽ ልጨምር» የሚለውን ነገር ተወው። መጨመር ካማረህ ማለዳ ላይ ጨምር። ጠዋት ነፋሱም አብዛኛውን ጊዜ ረጋ ያለ ነው፤ ፀሐይ መሬቱን እያሞቀች ስትሄድ ከሰዓት በኋላ ይበረታል። ፊት ለፊት ከመጣብህ ሜዳ ላይም በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ሊከብድህ ይችላል። ከነፋስ ጋር አትታገል። ማርሽ ቀንስ፣ ጎንበስ በል፣ የቀኑን ዕቅድ አሳጥር።

ጥያቄ፦ መንዳቱ አያስፈራኝም፣ ማደሩ ነው። ሴት ነኝ፣ ብቻዬን ነኝ። ድንኳኔን የት ልትከል? ማታ ድምፅ ስሰማስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ፍርሃትሽ ተገቢ ነው፣ ማንም «ምንም የለም» ብሎ አያጣጥልብሽ። ምርጫው ሁለት ነው። አንዱ ሰው ባለበት፣ ባለቤቱን አስፈቅዶ ወይም በተዘጋጀ የካምፕ ቦታ ማደር። ሌላው ከመንገድ ጨርሶ በማይታይ ቦታ ማደር። መጥፎው መሃሉ ነው፦ ከመንገድ የሚታይ፣ ግን አጠገቡ ሰው የሌለበት። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ሰው ባለበት እደሪ። መንገድ ላይ «ዛሬ የት ታድሪያለሽ?» ለሚልሽ እውነቱን የመናገር ግዴታ የለብሽም፤ «ወደፊት የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ» ብለሽ እለፊ። ለምታምኚው አንድ ሰው ደግሞ በየማታው በተመሳሳይ ሰዓት ያለሽበትን ቦታ ላኪ። መልእክትሽ ከቀረ ስንት ሰዓት ጠብቆ ለማን እንደሚደውል ከመነሳትሽ በፊት ተስማሙ። ብዙ ሴት ተጓዦች ይህን የማይተውት ይመስለኛል፣ ለወንዶቹም ይበጃል።

ቦታውን በብርሃን እዪው። የደረቀ ወንዝ ውስጥ አትትከዪ፣ አሸዋው ቢመችም፤ ዝናቡ ሩቅ ዘንቦ ጎርፉ ሌሊት አንቺ ጋ ሊደርስ ይችላል። ቀና በዪና የደረቀ ቅርንጫፍ እንደሌለ አረጋግጪ። ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ስለሚወርድ ከሸለቆው ግርጌ ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ይሞቃል፣ ጤዛውም ይቀንሳል። ከዚያ ድንኳኑን ሳትዘረጊ ባዶው መሬት ላይ በጀርባሽ ተኚ። ይህን ነገር እወደዋለሁ። ዓይን ያላየውን ጠጠር ጀርባሽ ያገኘዋል፣ ራስሽ በየት በኩል መሆን እንዳለበትም ወዲያው ይታወቅሻል።

ድምፁን በተመለከተ፣ ሌሊት የሚያባንነው አብዛኛው ነገር የላላ የድንኳን ሸራና ምግብ የሸተተው ትንሽ እንስሳ ነው። ገመዱን ወጥሪ፣ ምግቡን ከድንኳኑ አርቂ። ባትሪ፣ ስልክ፣ ጫማና ቁልፍ በየሌሊቱ አንድ ቦታ፣ በቀኝ እጅሽ በኩል ይሁኑ፤ ስትደነግጪ እጅሽ ሳይፈልግ ያገኛቸዋል። ደግሞ አደራ፣ ዝናብ ቢያስመርርሽም ድንኳን ውስጥ ምድጃ አትለኩሺ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

ጥያቄ፦ 61 ዓመቴ ነው፣ ጡረታ ወጥቻለሁ። ዕድሜ ልኬን የተመኘሁትን ጉዞ ልጀምር ነው፤ ምን ልያዝ፣ ምን ልተው?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለዎት! ቶማስ ስቲቨንስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1884 የፊት ጎማው ትልቅ በሆነው በዚያ የድሮ ብስክሌት ከሳን ፍራንሲስኮ ተነስቶ በ1886 መጨረሻ ዮኮሃማ ደርሷል። የያዘው ካልሲ፣ ትርፍ ሸሚዝ፣ እንደ ድንኳንም እንደ መኝታም የሚያገለግል የዝናብ ካፖርትና ሽጉጥ ነበር። እርስዎ ያን ያህል አይጨክኑ። ግን ዕቃዎን ሁሉ ወለል ላይ ይዘርጉና «ለምናልባት» ብለው ያወጡትን ይመልሱ። ልብስ ሁለት ዓይነት ይበቃል፤ የሚነዱበትና የሚተኙበት። የመኝታው ልብስ ፈጽሞ አይርጠብ፣ ዝናብ ላይ አውጥተው አይልበሱት።

የማይቆጠቡበት ነገር ፍራሽና ማርሽ ነው። ከስር ያለው መሬት ሙቀትዎን ይወስዳል፣ ስሊፒንግ ባጉ (ውስጡ ገብተው የሚተኙበት ከረጢት) ሲተኙበት ስለሚጨፈለቅ ከስር ብዙ አይረዳም። ማርሹ ደግሞ በጣም የሚቀል፣ ዳገትን ሳይገፉ የሚያስወጣ ይሁን፤ ጉልበትዎ ያመሰግንዎታል። ከባዱን ዕቃ ከታች፣ ግማሹንም ከፊት ይጫኑ። ጀርባዎ ላይ ቦርሳ አያንጠልጥሉ። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ መሆኑንም አይርሱ፤ በሙቀት ቀን ከ4 ሊትር በላይ ሊያስፈልግዎት ይችላል።

ጥያቄ፦ መቀመጫዬ ቆሰለ፣ ትንሿ ጣቴም ትደነዝዛለች። የተለመደ ነው?

መልስ፦ የተለመደ ነው፣ ግን ዝም አይባልም። ስፖንጅ ያለውን የብስክሌት ቁምጣ ያለ ውስጥ ሱሪ ልበስ፣ ስፌቱ እንዳይፈገፍግህ። ሁለት ይኑርህ፤ አንዱን ማታ ማታ እጠብ፣ ካልደረቀ ጠዋት ሻንጣው ላይ አስረህ ንዳ። ገላህን ለመታጠብ ውሃ ባይኖር እንኳ 1 ሊትር ለዚያ ቦታ ይበቃል። ጣትህ የሚደነዝዘው በመዳፍህ ጠርዝ የሚያልፈው ነርቭ መሪው ላይ ስለሚጫን ነው። አያያዝህን ቶሎ ቶሎ ቀይር፣ መሪውን ከፍ አድርግ። ካልለቀቀህ ሐኪም ጋ ሂድ።

ጥያቄ፦ ጎማ መሃል ሜዳ ላይ ቢተነፍስ ብቻዬን ምን አደርጋለሁ?

መልስ፦ ሁለት ትርፍ ከመነዳሪ ያዝ። መንገድ ላይ ቀይረህ ሂድ፣ የተበሳውን ማታ ትለጥፈዋለህ። አዲሱን ከማስገባትህ በፊት ግን ጣትህን ቀስ አድርገህ በጎማው ውስጥ ዙሪያውን አስኪድ። እሾሁ እዚያው ካለ አዲሱንም ይበሳዋል። ካላገኘኸው የተበሳውን ከመነዳሪ ነፍተህ ቀዳዳው ከአየር ማስገቢያው ምን ያህል እንደሚርቅ እይና ጎማው ላይ ያንኑ ያህል ርቀት በሁለቱም አቅጣጫ ፈልግ።

ጥያቄ፦ ብቸኝነቱን እንዴት ትችለዋለህ? እኔ በሦስተኛው ቀን አልቅሼ የምመለስ ይመስለኛል።

መልስ፦ ታለቅስ ይሆናል፣ ምንም አይደለም። ብቸኝነቱ የሚከብደው ስትነዳ ሳይሆን ድንኳኑ ተተክሎ፣ ተበልቶ፣ ገና ሳይመሽ ባለችው ሰዓት ነው። ለዚያች ሰዓት ሥራ አዘጋጅ፤ ማስታወሻ ጻፍ፣ ካቴናውን ጥረግ፣ ለሰው ደውል። ከሰዓት በኋላ ድንገት ሁሉም ነገር ካስጠላህ ግን መጀመሪያ ብላ። ብዙ ጊዜ ሐዘን የሚመስለው ረሃብ ነው፣ በየሰዓቱ ትንሽ ትንሽ የሚቀምስ ሰው ይህ አይበዛበትም። መመለስን ማታ ላይ አትወስን፣ ተኝተህ ጠዋት አስብበት። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ሙሉ በሙሉ አትንዳ። ያን ቀን ከተቻለ ሰው ባለበት እደር፣ ልብስህን እጠብ፣ ፓወር ባንክህን ሙላ፣ ከማንም ጋር ቢሆን ተቀምጠህ አውራ።