ጥያቄና መልስ፦ ስለ 2,147,483,647 የጠየቃችሁኝ

በአማርኛ እንዴት ይነበባል?

ሁለት ቢሊዮን ከአንድ መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን ከአራት መቶ ሰማንያ ሦስት ሺህ ከስድስት መቶ አርባ ሰባት።

ልጄ «መጨረሻው 7 ስለሆነ ለ7 ይካፈላል» ብሎ ድርቅ አለ። ምን ልበለው?

አይካፈልም፤ 1 ይተርፋል። የመጨረሻ አሃዝ ለ2 እና ለ5 እንጂ ለ7 አይመሰክርም፤ 17ን ያሳዩት። ከዚያ ግን ትልቁን ነገር ይንገሩት፦ ይህ ቁጥር ከ1 እና ከራሱ በቀር ለማንም አይካፈልም፤ ብቸኛ (ፕራይም) ቁጥር ነው።

«ኮምፒውተሩ ብሏል» ብለው ግን እንዳያልፉት አደራ። የሒሳብ ሊቁ ሊዮንሃርድ ኦይለር በ1772 እ.ኤ.አ. ይህንን ሲያረጋግጥ ዓይኑ ማየት ሊያቆም ምንም አልቀረውም ነበር። 46,341 በራሱ ሲባዛ ቁጥራችንን ያልፋል፤ ስለዚህ ሌላ አካፋይ ካለው፣ ከ1 ቀጥሎ ትንሹ ከዚያ በታች መገኘት አለበት፤ እሱም ራሱ ፕራይም ነው። አንድ በአንድ መሞከር ደግሞ አድካሚ ነው። ቁጥሩ ግን 31 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚገኝ ነው፤ ከዚህ የተነሳ ማንኛውም አካፋዩ ለ248 ሲካፈል የግድ 1 ወይም 63 ይተርፈዋል። እስከ 46,341 ድረስ ይህን የሚያሟሉ ፕራይም ቁጥሮች ከ372 ከቶ አይበልጡም። 311ን እንውሰድ፣ 248 ሲደመር 63። በወረቀት ያካፍሉት፤ 35 ይተርፋል፣ ወደቀ። ሌሎቹም አንድ ሳይቀር ይወድቃሉ። ልጅዎ ሦስት አራቱን በገዛ እጁ ይሞክራቸው፤ «ለምን?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው እርሳስ ሲያዝ ነው።

ዕድለኛ ቁጥር ነው?

አይደለም።

የሱቄ ፕሮግራም የብዙ ደንበኞቼን ስልክ 2147483647 ብሎ መዝግቦታል። አንድ ሰው እያጭበረበረኝ ነው?

ማንም አላጭበረበረዎትም። ፕሮግራሙ ለስልክ የመደበው ቦታ 32 ቢት ይመስላል (ቢት ማለት 0 ወይም 1 ብቻ የሚይዝ ትንሽ ቦታ ነው)፤ በእንዲህ ያለ ቦታ፣ የመደመርና የመቀነስ ምልክት አንዱን ቢት ሲወስድ፣ የሚገባው ትልቁ ቁጥር ይኸው ነው። በ251 የሚጀምር ስልክ 12 አሃዝ ስለሆነ አልገባ ሲለው ጣሪያውን ጻፈልዎት። እባክዎ ዛሬውኑ ፕሮግራሙን የሠራውን ባለሙያ ይጥሩ፤ ስልክ እንደ ጽሑፍ እንዲቀመጥ ያስተካክል። እስኪመጣ አዲስ ደንበኛ አይመዝግቡ፣ የወረቀት ደረሰኞችንም አይጣሉ፤ የጠፋው ስልክ ከዚያ መዝገብ ተመልሶ አይወጣም።

በጥምቀት ዕለት ኮምፒውተሮች ይቃወሳሉ የሚባለው እውነት ነው?

ቀኑ ትክክል ነው፤ ግን የሚመጣው ጥምቀት አይደለም። ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምረው በሰከንድ ይቆጥራሉ። በ32 ቢት የሚቆጥሩት ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ንጋት 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ እዚሁ ቁጥር ይደርሳሉ፤ በቀጣዩ ሰከንድ ቀኑን ወደ 1894 ዓ.ም. ሊመልሱት ይችላሉ። በ64 ቢት የሚቆጥሩትን አይነካቸውም። አሮጌ መሣሪያ ካለዎት የሸጠልዎትን ይጠይቁ።